በካርታው ላይ ቀይ የሆነችው መንደር

በዚያን ቀን ጠዋት የአምፓሮ ሎያን ቆሽት ያሳረረው ጭቃው አልነበረም፤ የሰውዬው እርጋታ ነው።

መኪናዋ ለከብት መኖ ከሚዘራው የአልፋልፋ ማሳ ዳር እስከ ጎማዋ ግማሽ ሰምጣለች። ለማውጣት በታገለች ቁጥር የኋላው ጎማ ጭቃውን እየረጨ መስኮቱን ሸፍኖታል። እሷ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ቆማለች። ሰውዬው ደግሞ ትራክተሩ ላይ እንደተቀመጠ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ፀሐይ እንደሚሞቅ ሰው ዘና ብሎ ያያታል።

«ኢንጂነር ነዎት አይደል?» አላት በመጨረሻ።

«በምን አወቁ?»

«በሩ ላይ ተጽፏል። ‹የኮንቾስ ተፋሰስ ጥናት› ይላል።» ወደ ጎማው አየ። «ውሃ የሚያጠና ሰው ውሃ ሳያይ መሀሉ ሲገባ ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

«መንገዱ ትናንት ደረቅ ነበር!»

«ትናንት የዶን ናቦር ተራ ነበራ። ዛሬ የእናቴ ተራ ነው፤ ውሃው ከንጋት ጀምሮ በዚህ ነው የሚወርደው። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ የመንደሩ ሰው አይደለሁም።»

«እሱንማ አየን እኮ።»

ወርዶ ሰንሰለት አሰረና በአንድ ጉተታ አወጣት። አምፓሮ ጥርሷን ነክሳ አመሰገነችው። ከዚያ ከወረቀቷ ላይ ስም አነበበች። «ሊሳንድሮ ኦሊባስ የሚባል ሰው የት አገኛለሁ? የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ኃላፊ ነው። አርባ ጉድጓዶች መለካት አለብኝ፤ ያለ እሱ ፈቃድ አይሆንም አሉኝ። ስደውልለት ደግሞ አያነሳም።»

«አስቸጋሪ ሰው ነው ይባላል» አለ ሰውዬው ሰንሰለቱን እየጠቀለለ። «ነገ ጠዋት ማኅበሩ ቢሮ ይጠብቁት።»

በማግስቱ ጠዋት ከቢሮው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ያገኘችው ያንኑ ሰውዬ ነበር። ባርኔጣውን ብቻ አውልቋል።

«እርስዎ ነዎት!»

«አስቸጋሪ ነው ብዬዎት ነበር» አላት።

* * *

የአምፓሮ ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። የኮንቾስ ወንዝ ከተራራው ከሚነሣበት ጀምሮ ከድንበሩ ወንዝ ጋር እስከሚቀላቀልበት ድረስ ያለው ተፋሰስ ሃያ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ለእያንዳንዱ ቦታ አራት ጥያቄ ይቀርባል። ውሃው ምን ያህል ነው? ከእሱ ምን ያህሉ ይወሰዳል? ምን ያህል ተበክሏል? ሰዎቹስ እንዴት ያስተዳድሩታል? እያንዳንዱ ጥያቄ ከሃያ አምስት ይታረማል፤ አራቱ ተደምረው ከመቶ አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ባደገ መጠን ውሃው ለአደጋ የተጋለጠ ነው ማለት ነው። ከሃምሳ ያለፈ ቦታ በካርታው ላይ ብርቱካናማ፣ ከሰባ ያለፈ ቀይ ይቀባል። ቀይ በሆነ ቦታ አዲስ ጉድጓድ መቆፈርም ሆነ አሮጌውን ማጥለቅ ክልክል ነው።

ሃያ አንዱን ጨርሳለች። የቀራት ላስ ጋርሳስ ናት፤ ለውዝ መሰል ፍሬ በሚሰጡት የፔካን ዛፎቿ፣ በሽንኩርቷና በአልፋልፋዋ የምትኖር መንደር። አምስት ሳምንት ቀርቷታል። ይበቃኛል ብላ ነበር።

አልበቃም። የአንዱ ጉድጓድ ቁልፍ የባለቤቱ የአክስት ልጅ ዘንድ ነው፤ የአክስት ልጁ ደግሞ ወደ ዴሊሲያስ ከተማ ሄዷል። የሌላው ጉድጓድ በር ላይ የታሰረው ውሻ ከጌታው በቀር ማንንም አያስጠጋም፤ ጌታው ደግሞ ወገቡን አሞታል። አንዱ ዛሬ የመንደሩ ቅዱስ በዓል ነው አላት። በሦስተኛው ቀን ሌላው ስለ ሌላ ቅዱስ ነገራት። ሁሉም ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አቅርበው፣ በታላቅ ትሕትና «ነገ» ይሏታል።

ከሁሉም የባሰባት ግን ሊሳንድሮ ነው። ከእሱ የምትፈልገው ከፈቃዱ ሌላ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ የተጠቃሚዎቹ ስም ዝርዝር፣ የውሃ ተራቸውና ተራ አፍርሶ የሰረቀ ሰው የሚቀጣው ቅጣት። ማኅበሩ ውሃውን እንዴት እንደሚያስተዳድር የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

«ወረቀቱስ?» ትለዋለች።

«አለ።»

«የት?»

«ሳጥን ውስጥ።»

«ሳጥኑስ?»

«ኢንጂነር፣ ምሳ በልተዋል?»

የጠየቀችበትን ቀን ማስታወሻዋ ላይ ትመዘግብ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ስድስት ደርሶ ነበር። መንደርተኛው «የውሃ አባት» ይለዋል። ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም። አባት የሆነው ለውሃው ብቻ ነው።

በሰባተኛው ጊዜ ግን መሳቁን ትቶ መለሰላት።

«ከስድስት ዓመት በፊት እንደ እርስዎ ሜትር ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ጨዋ ሰው ነው። እናቶቻችን ምሳ አበሉት፤ ለጥናት ብቻ ነው አለን። ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ። በዓመቱ የላይኛው መንደር የውሃ ፈቃድ በግማሽ ተቆረጠ። እርስዎስ ለምንድነው የሚለኩት?»

«ለጥናት...» አለችና ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። እሷም አልሸሸችም። «እውነቱን ለማወቅ» አለች ቀስ ብላ። «ቆንጆ እንደሚሆን ግን ቃል አልገባም።»

ሊሳንድሮ ተነሥቶ ባርኔጣውን አደረገ። «ኑ። እናቴ ምሳ ሠርታለች።»

* * *

እናቱ ዶኛ ሶኮሮ ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ነው። በቀይ በርበሬ የተሠራ የአሳማ ሥጋ ወጥና ትኩስ የስንዴ ቂጣ አቀረቡ፤ እንግዳዋ ሁለተኛ ሳህን እስክትጨርስም ነገር አላነሡም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«የእኔን ጉድጓድ ለምን አልለካችም?»

«እማዬ፣ ነገሩ...»

«ሐኪም የሸሸ ሰው በሽታው የሸሸው ይመስለዋል! የእኔን ትለካ። ዛሬ። ነገ ብትል በዚህ ማንኪያ ነው የምልህ።»

ጉድጓዱ ከቤቱ ጀርባ ነው። አምፓሮ ሜትሩን አወጣች። ሽቦው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ላዩ ላይ ያለው ሳጥን ጢጥ ይላል። ሊሳንድሮ ሽቦው የተጠቀለለበትን መዘውር ያዘ፤ እሷ ቁጥሩን ታነባለች። ሃምሳ አለፈ። ሰባ አለፈ። ሰማንያ። እናትየው ወሬያቸውን አቆሙ።

ጢጥ።

«ዘጠና አራት ሜትር» አለች አምፓሮ። «አምና ስንት እንደነበር የሚያውቅ አለ?»

ሊሳንድሮ መዘውሩን እንደያዘ ነው። «ዘጠና» አለ፤ ድምፁ ከጉድጓዱ የሚወጣ ይመስላል። «እኔው ነኝ ፓምፑን ያወረድኩት።»

ዶኛ ሶኮሮ አማተቡና ወደ ቤት ገቡ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሽቦውን ሲጠቀልሉ እጁ እጇን ነካ። ማንም ይቅርታ አላለም።

ከማግስቱ ጀምሮ አብሯት መዞር ጀመረ። ውሾቹን በስማቸው ጠርቶ ያባብላል፤ ቁልፍ የጠፋባቸውን ሰዎች «ቁልፉን ልፈልግልህ ወይስ በሩን ልስበርልህ?» ይላቸዋል። በቀን ሁለት፣ በቀን ሦስት ጉድጓድ ለኩ። ቀትር ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ቡሪቶ፣ ወጥ የተሞላበት ቂጣ፣ ከኪሱ ያወጣና ግማሹን ይሰጣታል፤ ሁልጊዜ ትልቁን ግማሽ። እሷ በመንገድ ላይ ስለ ውሃ ታወራለች። እሱ ስለ ሰዎቹ ያወራል፦ ማን ከማን ጋር በውሃ ተራ እንደተኮራረፈ፣ ማን በኩርፊያው መሀል የባላጋራውን ልጅ እንዳገባ።

አንድ ቀን ጠዋት ትራክተሩ ሲመጣ ድምፁን ከሩቅ ለይታ አወቀችው። መስታወት ፊት ሄዳ ፀጉሯን እያስተካከለች መሆኗን ድንገት ልብ አለች። በጣም ተናደደች። «ወይ ጉድ!» አለች ለመስታወቱ። «በዚህ ዕድሜሽ? በዚህ ሰውዬ?»

ሠላሳ ዘጠኝ ለኩ። ቁጥሩ የትም ቦታ ጥሩ አልነበረም፤ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥም አልነበረም። የቀራቸው ከሁሉም ትልቁ፣ የዶን ናቦር ጉድጓድ ነው። ከመንደሩ ውሃ ሲሶው የሚወጣው ከእሳቸው ነው። የሊሳንድሮ የክርስትና አባት ናቸው፤ አባቱ ሲሞት ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። አራት ሺህ አዲስ የፔካን ችግኝ ተክለዋል፤ ለእነሱም ሁለት አዲስ ጉድጓድ ለመቆፈር ማመልከቻ አስገብተዋል።

በሩ ላይ ቆመው በፈገግታ ተቀበሏት።

«ልጄ፣ የእኔ ውሃ ዓይናፋር ነው፤ እንግዳ አይወድም» አሏት። «ስልሳ ሜትር በይና ጻፊ። በአባቴ ጊዜም ስልሳ ነበር።»

አምፓሮ ሊሳንድሮን አየችው። ሊሳንድሮ ጫማውን ያይ ነበር። ወረቀቷ ላይ «አልተለካም» ብላ ጻፈች።

ወደ ከተማ ልትመለስ ስትል ሊሳንድሮን «ወረቀቱስ?» አለችው።

«እልክልዎታለሁ።»

«ዘጠነኛ ጊዜዬ ነው!»

«ነገ እልካለሁ፤ እናቴ ትሙት።»

* * *

አልላከም። እሷ ቺዋዋ ከተማ ተመልሳ የለካችውን ሁሉ ለአለቃዋ ለዶክተር ኡሩቲያ አስረከበች። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት የክፍለ ሀገሩ ጋዜጣ ካርታውን በፊት ገጹ ይዞ ወጣ። ረቂቁን አለቃዋ ለአንድ ቢሮ ልኮ፣ ከቢሮው ደግሞ ወደ ጋዜጣው ሾልኮ ነው። ላስ ጋርሳስ ከመቶ ሰባ አራት አምጥታለች። እንደ ደም ቀልታለች።

ስልክ የማያነሳውን፣ የማይደውለውን ሰው አምስት ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤቷ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ጋዜጣው በእጁ ተጨማዷል።

«ሠላሳ ዘጠኝ በር ያንኳኳሁልሽ ለዚህ ነው?» አለ። «እኔን ነው እኮ ያመኑት! አንቺን ማን ያውቅሻል? እኔን አምነው ነው የከፈቱልሽ!»

«አንቺ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር፤ በቁጣ መሆኑ ግን አሳዘናት።

«እኔ አይደለሁም የላክሁት! እኔም ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው!»

«ቀዩን የቀባው ማነው ታዲያ?»

«አንተ!»

አጠገባቸው ያለፈ ሰው ዞሮ አያቸው። አምፓሮ እጅጌውን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው፤ ሂሳቡን ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አንብብ! የውሃው መጠን፣ ሃያ። የሚወሰደው፣ ዐሥራ ዘጠኝ። ብክለት፣ ዐሥር። አርባ ዘጠኝ ነው። ብርቱካናማ እንኳ አይሞላም! አስተዳደር፣ ሃያ አምስት! ከሃያ አምስት ሃያ አምስት! ለምን?»

«ለምን?»

«‹ማስረጃ የለም› ስለሚል! ማስረጃ የሌለው ቦታ ማንም እንደማያስተዳድረው ይቆጠራል፤ ደንቡ ነው። በሰሜን አሜሪካ የእናንተን ያህል ሥርዓት ያለው የውሃ ተራ አይቼ አላውቅም፤ ካርታው ላይ ግን ዘራፊዎች ናችሁ! አንድ ወረቀት! ዘጠኝ ጊዜ!»

ሊሳንድሮ ቁጥሩን ትክ ብሎ አየ። ጆሮው ቀላ።

«ያቺ ወረቀት?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ያቺ ወረቀት!»

ወጥቶ ሄደ። አምፓሮ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስቴፕለሩን ግድግዳው ላይ ልትወረውር አሰበች፤ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ ተወችው። ከዚያ አለቀሰች፤ ማልቀሷም አናደዳት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተገፋ። ሊሳንድሮ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ነድቶ፣ አንድ ትልቅ ካርቶን በደረቱ ታቅፎ ገባ። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። ካርቶኑ ውስጥ የአርባ ዓመት መዝገብ አለ። ማን በየትኛው ቀን ውሃ እንደደረሰው፣ ማን ሰርቆ እንደተቀጣ፣ ከቅጣቶቹም መሀል የሊሳንድሮ አባት ስም።

«አፍሬ ነበር» አለ። «አባቴ ሦስት ጊዜ ውሃ ሰርቆ ተይዟል። የተከበረች የከተማ ኢንጂነር እንዳታነበው ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አምፓሮ ሳቋ መጣባት። እሱም እሷን አይቶ ሳቀ። ምሳ ያልበሉ ሁለት ሰዎች የመንገድ ዳር ግንብ ላይ ተቀምጠው ቡሪቶ በሉ።

«ቅድም ‹አንቺ› አልከኝ» አለችው።

«ተናድጄ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለ፤ ትልቁን ግማሽ ወደ እሷ ገፋ አድርጎ።

* * *

መዝገቡ ሲገባ የአስተዳደሩ ነጥብ ወደ ዐሥራ አምስት ወረደ። ላስ ጋርሳስ ስልሳ አራት ሆነች፤ ብርቱካናማ። የመጨረሻው ስብሰባ በመንደሩ አዳራሽ ሊደረግ ተቀጠረ። እዚያ የሚቀርበው ይጻፋል፤ የሚጻፈውም ይጸናል።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ወንዙ ዳር ካሉት ረጃጅም ዛፎች ሥር ተቀመጡ። ውሃው ድንጋዩን እየሸፈነ የሚሄድበት ጊዜ ነበር ይባላል። አሁን ድንጋዩ ነው ውሃውን የሚከፍለው።

አምፓሮ የዶን ናቦር ስልሳ ሜትር ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ዘጠናና መቶ ላይ ሆነው የእሳቸው ውሃ ብቻ ስልሳ ላይ ሊቆም አይችልም። ግን ማስረጃ የላትም። የፓምፕ ሥራ በመንደሩ ማን እንደሚሠራም ታውቃለች። አጠገቧ ተቀምጧል።

አልጠየቀችውም። አለመጠየቋንም አየ። ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰና እጇን ያዘ። እንዲህ እንደተያያዙ ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጫፍ ወረደች።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዶክተር ኡሩቲያ መነጽሩን እየጠረገ ካርታውን አሳየ። ብርቱካናማውን ያዩ ሰዎች ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «ያልተለካ ጉድጓድ ካለ ባለቤቱ ቃሉን ሰጥቶ መፈረም ይችላል» አለ ዶክተሩ።

ዶን ናቦር በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «የእኔ ስልሳ ሜትር ነው። ጻፉ፤ እፈርማለሁ።»

አምፓሮ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። እጇ እምቢ አላት።

ከኋላ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«አባቴ» አለ ሊሳንድሮ። የክርስትና አባቱን ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። «አምና በመስከረም የእርስዎን ፓምፕ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ቧንቧውን በእጄ ነው የቆጠርኩት። ፓምፑ ያለው መቶ ሠላሳ ላይ፣ ውሃው መቶ ዐሥራ ስምንት ላይ ነው።»

ሽማግሌው በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ተቀመጥ» አሉ ዶን ናቦር።

«ስልሳ ብለን ብንጽፍ አዲሶቹ ጉድጓዶች ይፈቀዳሉ። ከዚያ በሦስት ዓመት የእናቴ ጉድጓድ ይደርቃል፤ በአራተኛው የዶኛ ቺታ፤ በአምስተኛው የእርስዎ። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ፣ እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። ሳናወራው ነው የኖርነው።»

«ያጎረሰውን እጅ ነካሽ!» ጮኸ አንዱ። «ለሴት ብሎ ነው!» አለ ሌላው። ዶክተሩ ስብሰባውን ማስቀጠል አልቻለም። የዶን ናቦር እውነተኛ ልክ ሲገባ የላስ ጋርሳስ ቁጥር በዚያው ከሰዓት ሰባ አንድ ሆነ። ቀይ። የአሁኑን ቀይ ማንም በስህተት አልቀባውም።

በወሩ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሊሳንድሮን ከኃላፊነት አወረደው። ዶን ናቦር በመንገድ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። አምፓሮ ይህን የሰማችው ከዶኛ ሶኮሮ በስልክ ነው። በማግስቱ ነድታ መጣች፤ ሊሳንድሮን የእናቱን አልፋልፋ ግማሽ ሲነቅል አገኘችው፤ አልፋልፋ ውሃ ይጠጣል።

ከመኪናዋ ወርዳ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው። «እኔ ጠየቅሁህ? ሆን ብዬ አልጠየቅሁህም እኮ! አባት ሆነው ካሳደጉህ ሰው ጋር እንዳላጣላህ ብዬ አፌን ዘግቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርኩ! ማን ጠየቀህ?»

«ማንም» አለ አካፋውን ተክሎ። «ዘጠኝ ጊዜ ስትጠይቂኝ አልመለስኩም። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጠየቅ ልመልስ ብዬ ነው።»

አምፓሮ እጇን ከወገቧ አወረደች።

«ሥራዬ ቺዋዋ ነው» አለች ሳታስበው።

«አውቃለሁ።»

«ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ። ነድቼዋለሁ።»

«አንተ ከዚህ አትወጣም።»

«አልወጣም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምንኖረው?»

ሊሳንድሮ አካፋውን ለቀቀው። አካፋው ወደቀ። «ልንኖር ነው?» አለ።

ያኔ ነው ምን እንደተናገረች የገባት። ፊቷ እንደ ካርታው ቀላ። ዶኛ ሶኮሮ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «በሉ ግቡ፣ ወጡ ቀዘቀዘ! እዚያው ፀሐይ ላይ ልትጋቡ ነው?» አሉ።

* * *

በቀጣዩ ፀደይ የዶን ናቦር ፓምፕ ከውሃ ይልቅ አየር መሳብ ጀመረ። አራት ሺህ ችግኝ ከጫፉ ቢጫ ሆነ። ሽማግሌው ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጡም። በአራተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዶኛ ሶኮሮን በር አንኳኩ።

«አበልጄ፣ ያ ውለታ ቢስ አለ?»

«ምሳ እየበላ ነው። ይግቡ አበልጄ።»

ገብተው ተቀመጡ። ሊሳንድሮና አምፓሮ ተነሡላቸው። ሽማግሌው ማንንም ሳያዩ ወጡን አዩት፤ ሳህን ቀረበላቸው። በልተው ሲጨርሱ ወደ አምፓሮ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሜትርሽ አለ?»

«መኪናዬ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያውስ ነይ። ውሃው ዓይናፋር ነው አልኩሽ እንጂ ዓይን ያጣሁትስ እኔው ነኝ።»

ሁለት ሺህ ችግኝ ነቀሉ። በመንደሩ ያለው ጉድጓድ ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲዘጋ ተስማሙ። ስምምነቱ ብዙ ጠብ ፈጀ። አንዱ ተናድዶ ወንበር ሰበረ፤ የወንበሩን ቅጣት ሊሳንድሮ በመዝገቡ እንዲጽፍ ተብሎ ወደ ሹመቱ ተመለሰ። በጥቅምት እሱና አምፓሮ ተጋቡ። ከመንደሩ ግማሹ አሁንም ቂሙ ስላልወጣለት ከሠርጉ ቀረ፤ የመጣው ግማሽ ግን የሁሉንም ድርሻ በላ። አምፓሮ ሳምንቱን ቺዋዋ ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። የስልኩን ነገር ግን አላስተካከለችውም። ሊሳንድሮ እስከ ዛሬ አያነሳም።

በየመጋቢቱ ሁለቱ አርባውን ጉድጓዶች ይለካሉ። በመጀመሪያው ዓመት ውሃው ሁለት ሜትር ወረደ። በሁለተኛው ዓመት አንድ። አምፓሮ በሁለቱም ጊዜ መዝገቡን ዘግታ በር ዘግታ ተቀምጣለች፤ እሱም በሩ ላይ ቡሪቶ አስቀምጦላት ሄዷል።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ጥሩ ዝናብ ጥሎ ነበር። በመጋቢት ጠዋት ከዶኛ ሶኮሮ ጉድጓድ ጀመሩ። ሽቦው ወረደ። ጢጥ አለ። አምፓሮ ቁጥሩን አነበበች። ሽቦውን አውጥታ ጠረገችው፤ እንደገና አወረደችው። ጢጥ። አሁንም አወጣችው። ሦስተኛ ጊዜ አወረደችው።

«ምን ሆነ?» አላት ሊሳንድሮ።

«ምንም።»

«ምንም ምን ማለት ነው? ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«አምፓሮ፣ ንገሪኝ! ስንት ወረደ?»

«ምንም አልኩህ እኮ!» ጮኸችበት። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። «አትሰማም እንዴ? ምንም! አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ አምና የነበረበት ቦታ ነው ያለው! አንዲት ጣት አልወረደም!»

ሊሳንድሮ ባርኔጣውን አወለቀ። ጉድጓዱን አየ፤ ሚስቱን አየ። መዘውሩን ከእጇ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና፣ እናቱ በመስኮት እያዩ፣ እቅፍ አደረጋት።

«ሠላሳ ዘጠኝ ይቀረናል» አለችው ደረቱ ላይ እንደተደፋች።

«ይቆየን» አላት። «ዛሬ ይቺ ትበቃናለች።»